ይሄይስ ያዳፈነው ፍም

እስራኤል ሀገር፣ አፉላ ከተማ፣ እኛ ያለንበት ጊቫት ሃሞሬ ሰፈር የይሄይስን የፍም ወሬ ያልሰማ የሀገራችን ሰው ቢፈለግ አይገኝም። ሰውዬው ለወትሮው ዝምተኛ ነው፤ "እንዴት አደርህ" ሲሉት "ይመስገን" ብሎ በሩን የሚዘጋ። ያቺን አንድ ወሬ ግን ሠርግ ላይ ያወራታል፣ ግርዛት ላይ ያወራታል፣ አውቶቡስ ጣቢያ አጠገቡ ወታደር ከተቀመጠ ልጁ አማርኛ ይስማ አይስማ ሳይጠይቅ ያወራለታል። እኔ በር ለበር የምንተያይ ጎረቤቱ ነኝና ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰምቻታለሁ። ገና ሲጀምራት እንቅልፌ ይመጣል። እናንተ ግን ካልሰማችኋት የቀረው ነገር አይገባችሁም።

እንዲህ ነው። ይሄይስ ጎንደር ገጠር ሳለ ባለ እጅ ነበር፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ወናፍ ሲነፋ ያደገ፣ ማረሻና ማጭድ የሚቀጠቅጥ። እስራኤል ለመግባት ወደ ሱዳን በእግር ሲነሱ ሌላው ሰው ስንቅና ልብስ ሲሸክፍ፣ እሱ የወይራ ፍም በአመድ አዳፍኖ ትንሽ ማሰሮ ውስጥ ከተተ። "ክብሪት እያለ አመድ ይሸከማል!" ብለው ሳቁበት። ወንዝ ሲሻገሩ ክብሪቱ ሁሉ ረጠበ። ሰንበቱ፣ ያኔ ገና የምትታዘል ልጃቸው፣ ተቅማጥ ይዟት ደርቃ ነበር፤ የተፈላ ውኃና ሙቅ ነገር ካላገኘች አትተርፍም ተባለ። ይሄይስ ማሰሮውን በብብቱ አቅፎ፣ ቀን እየተደበቁ ሌሊት ሲጓዙ፣ አንዴም ሳይገልጠው ይዞት ሄደ። ሰው ሁሉ ተስፋ በቆረጠ ጊዜ ገለጠው። ፍሙ ቀይ ዓይኑን ከፈተ። ቀስ አድርጎ እፍ አለው፣ እሳት ነደደ፣ ሰንበቱም ተረፈች። አሁን ሐይፋ ትኖራለች፤ ልጇ ኤናት ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። እንደ ይሄይስ አባባል ሁሉም ከዚያች ማሰሮ የወጡ ናቸው።

እዚህ አፉላ ሲሰፍር ግን ማረሻ የሚያሠራ ሰው አላገኘም። ፕላስቲክ ፋብሪካ ገብቶ ወንበር ሲደራርብ ጡረታ ወጣ። ባለ እጅ መሆኑን የሚያስታውስለት ነገር ቢኖር ያ ፍም ብቻ ነው። እኔም ይህን ስለማውቅ እያዛጋሁም ቢሆን እስከ መጨረሻው እሰማው ነበር።

ሚስቱ የትነበርሽ የሱ ተቃራኒ ናት። አፏ አርፎ አያውቅም። ከገበያ ስትመለስ የሱፍ ፍሬ እየፈለቀቀች ለሾፌሩም፣ ለወታደሩም፣ አጠገቧ ለተቀመጠችው ሩሲያዊት አሮጊትም ታወራለች፤ ቋንቋ አይገድባትም። ምስጢር ከነገራችኋት ደረጃውን ወርዳችሁ ሳትጨርሱ ምስጢራችሁ ታች ቆሞ ይጠብቃችኋል። በዚህ ምክንያት ስንት ጊዜ ተኳርፈናል! ሆኖም የሷ ወሬ የሌለበት ቀን ለኔ ጨው የሌለው ወጥ ነው።

በሀገራችን አቆጣጠር በሁለት ሺህ አሥራ አምስት፣ ብርዱ በገባ ሰሞን፣ ከመሀል ከተማ ወደ ሰፈራችን በሚወጣው አውቶቡስ ስትመጣ ወሬዋ መሀል ላይ ተቋረጠ። ነገሩን መጀመሪያ ያወቀው ሾፌሩ ሐይም ነው። "እንዴት አወቅህ?" ሲሉት "ዝም አለች" ነው ያለው። በመስታወቱ ሲያያት አፏ ባንድ ወገን ወርዷል፣ የሱፉ ፍሬ ከእጇ ተበትኗል። አውቶቡሱን ዳር አቁሞ አምቡላንስ ጠራላት። የረጋ ደም የአንጎሏን ሥር ዘግቶት ኖሯል። ሐኪሞቹ መድኃኒቱን በጊዜው ሰጥተዋት ነፍሷ ተረፈ፤ ምላሷና ቀኝ እጇ ግን ታሰሩ።

እኛም እንደ ልማዳችን ሰፈሩ እንዳለ ነቅለን ሆስፒታል ሄድን። ነርሷ "ሁለት ሁለት ሰው ብቻ!" እያለች ብትለምን የሚሰማት አላገኘችም። ይሄይስ ኮሪደሩ ላይ ቁጢጥ ብሎ ግድግዳ ግድግዳውን ሲያይ የልጅ ልጁ ኤናት ከሐይፋ ደረሰች። ልጅቷ የምትረዳበት ቤተ ሙከራ አለ፤ ኦክስጅን ሲያንስ የነርቭ ሕዋስ እንዴት እንደሚሞትና እንዴት እንደሚተርፍ የሚያጠኑበት። ከአያቷ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እኔም ጠጋ ብዬ ጆሮዬን ሰጠሁ፤ ጆሮ ከመስጠት ማን ይከለክለኛል!

"አባባ፣ ረጋ፣ አንዴ ላስረዳህ" አለችው። "በእማማ አንጎል ውስጥ እያንዳንዷ ሕዋስ በሆዷ ብዙ ትንንሽ ምድጃ አላት። ሚቶኮንድሪያ ይባላሉ። ከምግብ የመጣውን ነገር በኦክስጅን ያነዱና ኃይል ይሰጧታል። የነርቭ ሕዋስ ደግሞ ብዙ ትበላለች፣ ስንቅ የላትም።"

"ደሙ ሲዘጋባትስ?"

"ወናፉ ቆመ በለው። መሀል ያሉት ወዲያው ይሞታሉ። ዳር ዳር ያሉት ግን ትንሽ ኦክስጅን ይደርሳቸዋል። አይሞቱም፤ ሥራ ያቆማሉ። ዝም ብለው ነፍሳቸውን ብቻ ይይዛሉ።"

ይሄይስ ቀና አለ። ዓይኑ ላይ የበራውን ነገር ከሠርግ ቤት አውቀዋለሁ። "የተዳፈነ ፍም" አለ።

"ናኾን! ልክ እንደዛ!" ልጅቷ ደስ አላት። እኔ በልቤ 'በቃ፣ ወሬው መጣ' አልኩ።

"እንግዲያ ምን ይጠብቃሉ? አየሩን ይንፉላታ!"

"እሱ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፣ አባባ። ኦክስጅኑ ባንዴ ሲመለስ ምድጃዎቹ ይደነብራሉ። ብልጭታ ይረጫሉ፣ ብልጭታውም ሕዋሷን ራሷን ያቃጥላታል። ግድግዳቸው ከተቀደደ ከውስጥ የሚወጣው ነገር 'ሙቺ' ይላታል፣ ትሞታለች። የሚያኖሯትም እነሱ፣ የሚገድሏትም እነሱ። እኛ ቤተ ሙከራ ውስጥ የምናየው እሱን ነው፣ እንዴት እናረጋጋቸው እያልን። ለዚህ ነው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሐኪሞቹ እንዲህ የሚጠነቀቁት።"

"ወናፉን ባንዴ ከነፋሽው አመዱም ፍሙም ይበተናል" አለ ይሄይስ ለራሱ። ከዚያ ወዲያ ያለችውን የሰማ አይመስለኝም። 'ሰዓታት' ያለችው ነገር በጆሮው አጠገብ አልፎ ሄደ።

የትነበርሽ ከማገገሚያው ክፍል ወጥታ ቤቷ ስትገባ ከዘራ ይዛ ትራመድ ነበር። "ውኃ"፣ "ና"፣ "እንቢ" ማለት ጀምራለች። እኛም ደስ ብሎን ድስት ድስታችንን ይዘን በሯ ላይ ተኮለኮልን። ይሄይስ በሩን ገርበብ አድርጎ "ተኝታለች" አለን። በማግስቱም ተኝታለች። በሳምንቱም ተኝታለች። በእኛ ዘንድ የታመመን አለመጠየቅ የሞተን ካለመቅበር ብዙም አይሻልም፤ ጠያቂን ከደጅ መመለስማ ተሰምቶም አይታወቅ። ሾርባዬን ይዤ ደረጃው ላይ ስቀር ደሜ ፈላ። 'ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት' የሚባለው ለዚህ ነው? ከሱ ጋር ሊፍት ውስጥ ላለመገናኘት በደረጃ መውጣት ጀመርኩ፤ ጉልበቴ ምን በደለ!

ሰፈሩም ተንጫጫ። አንዱ "አብዷል" ይላል፣ አንዱ "ሚስቱን አፍኖ ሊገድላት ነው" ይላል። እኔ ግን ተናድጄም ቢሆን የማየውን አያለሁ፤ በረንዳችን ጎን ለጎን ነው። የሌሊት ልብሷን በእጁ ያጥባል። ፀጉሯን ያበጥራል፤ አንድ ቀን ሹሩባ ሊሠራት ሞክሮ የግራው ወደ ቀኝ፣ የቀኙ ወደ ማጅራቷ ሄዶ አየሁ። መጋረጃው እንደተጋረደ ይውላል። ቴሌቪዥን የለም፣ ስልኩ ተነቅሏል፣ እሱም ኮቴው እንዳይሰማ በካልሲ ይሄዳል። ልታወራ አፏን ስትከፍት "ተይ፣ አትድከሚ፣ ገና ነሽ" ይላታል። ሰውዬው እንዳበደም ክፉ እንደሆነም አላመንኩም። ሚስቱን እያዳፈናት ነበር። 'አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች' ይባላል፤ ይሄይስም ያው ነው፣ ወንድ በመሆኑ ይለያል እንጂ።

ከኩፓው፣ ከጤና መድኑ ማለቴ ነው፣ የንግግር ሐኪም ትላክላት ነበር፤ ሊዮራ ትባላለች። ይሄይስ እሷንም ብርቱካን በከረጢት ያስይዝና "ዛሬ ደክሟታል" ብሎ ይመልሳታል። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ከነብርቱካኗ ቆማ አገኘኋት።

"ጎረቤት ነሽ?" አለችኝ በዕብራይስጥ። "ንገሪው እባክሽ። ሴትዮዋ ማውራት ያለባት አሁን ነው። ትሳሳት፣ ትንተባተብ፣ ግን ታውራ። እነዚህ ወራት በዝምታ ካለፉ ንግግሯን መመለስ በጣም ይከብዳል። እኔም እየመጣሁ ከተመለስኩ ተራዋ ለሌላ ታማሚ መሰጠቱ አይቀርም።"

ያ ሁሉ ንዴቴ በድንጋጤ ተለወጠ። የትነበርሽ፣ ሩሲያዊቷን አሮጊት በአማርኛ የምታስቀው የትነበርሽ፣ ከእንግዲህ ሦስት ቃል ይዛ ልትቀር ነው? እቤቴ ገብቼ ሐይፋ ደወልኩና ኤናት ላይ ጮኽኩባት። "ነይና ያስተማርሽውን ነገር አስረሺው!"

ዓርብ ቀትር ላይ፣ ከአውቶቡስ ጣቢያው የገዛችውን የሱፍ ፍሬ ከረጢት ታቅፋ ኤናት ደረሰች። ይሄይስ በሩን ሲከፍትላት እኔም ከኋላዋ ተከትዬ ገባሁ። ቤቱ እንደ ጎተራ ጨልሟል። የትነበርሽ አልጋዋ ላይ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ከስታለች፤ ነገር ግን ንጹሕ ናት፣ የትራሷም ጨርቅ ተተኩሷል። እኔን ስታይ ዓይኗ ሞላ። "ወ… ወር…" አለች።

"ተይ፣ አትድከሚ" አለ ይሄይስ ፈጥኖ። ወደኔ ዞረና "ወርቄ፣ አንቺን ማን አስገባሽ?" አለኝ።

"እኔ ነኝ ያስገባኋት" አለች ኤናት። "አባባ፣ ምን እያረግህ ነው? እማማ ለምን አታወራም? ለምን ሊዮራን ትመልሳታለህ?"

"አንቺ አይደለሽ የነገርሽኝ? አየሩ ባንዴ ከገባ ያቃጥላታል አላልሽም?"

"ዳይ፣ በቃህ፣ አባባ! እሱ የሰዓታት ነገር ነው! ቢበዛ የቀናት! አልፏል። የሞቱት ሞተዋል፣ የተረፉት ተርፈዋል። አሁን የተረፉት የሞቱትን ሥራ መማር አለባቸው። ሕዋስ የሚማረው ሲሠራ ነው። አንተ ዝም ስታሰኛት እነሱም ሥራ ይፈታሉ። እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ፣ በደንብ አላስረዳሁህም…"

ይሄይስ ተቆጣ። ሲቆጣ አይቼው አላውቅም ነበር። "አንቺ በመጽሐፍ አንብበሽዋል፤ እኔ በብብቴ ይዠዋለሁ! የተዳፈነን እሳት እኔ ነኝ የማውቅ! ሰው ሁሉ ግለጠው፣ እንየው ሲለኝ አልገለጥሁም። ብገልጠው ያልቅ ነበር። እናትሽ ዛሬ ቁማ የምትሄድ ባለመግለጤ ነው! አመዱን ሳነሣው ፍሙ ቀይ ዓይኑን…"

"አይ… ደለም።"

ሁላችንም ወደ አልጋው ዞርን። የትነበርሽ በግራ እጇ አንሶላውን ጨብጣለች። ግንባሯ ላይ ላብ ወጥቷል።

"ፍሙ…" አለች። "ፍሙ… ጠፋ።"

"ምን?" አለ ይሄይስ።

"ጠፍቶ… ነበር። አመድ። አመድ… ብቻ።"

ይሄይስ ዝም ሊያሰኛት እጁን ወደ አፏ ሰደደ፤ ኤናት ክንዱን ያዘችው። የትነበርሽ ትንፋሿን ሰበሰበች። ቃሉን ስትፈልገው ሲሸሻት፣ ስትፈልገው ሲሸሻት አየሁ፤ ተናዳ አልጋውን በእጇ መታችው።

"አንተ… ተኛህ። እኔ… ውኃ…" በግራ እጇ እንስራ እንደመሸከም አደረገች። "ዘላኖች። አንዲት… ሴት። እሳት… ጫርሁ።" ከዚያ ከሁሉም ይልቅ ጥርት አድርጋ "ዝም አልሁ" አለች።

በሀገራችን እሳት የጠፋበት ሰው ጎረቤት ሄዶ ፍም ይጭራል። እሷም እንዲሁ ነው ያደረገችው። ይሄይስ ቀን ላይ ደክሞት ሲተኛ ማሰሮውን ገልጣ ፍሙን ሙቶ አገኘችው። ውኃ ልትቀዳ የምትሄድ መስላ ከማያውቋት ዘላኖች ዘንድ ሄዳ፣ ከአንዲት ሴት ምድጃ እሳት ጭራ፣ መልሳ በዚያው አመድ ከደነችው። ሲነቃም ማሰሮውን አቅፎ ተነሣ። ምስጢር የማታድርባት የምንላት ሴት፣ ያን ሁሉ ሠርግና ያን ሁሉ ግርዛት ከጎኑ ተቀምጣ፣ ወሬው እዚያ ቦታ ሲደርስ እልል እያለችለት ኖራለች።

ይሄይስ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ፕላስቲክ ወንበር ሲደራርብ የኖረ ሰው የቀረችው አንዲት ፍም ናት፤ እሷም የሰው ሆና ተገኘች።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አላት፣ በጣም ቀስ ብሎ።

"ደስ… ብሎህ… ነበር" አለችው።

ይሄይስ ተነሥቶ ወደ በረንዳው ወጣ። ኤናት ሄዳ መጋረጃውን ገለጠችው። እኔ ወሬው ሳያልቅ ወደ ቤቴ ገባሁ፤ በዕድሜዬ እንዲህ አድርጌ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ሰንበታችን፣ በጸጥታ አለፈ። ልጆች ሳለን በእኛ በቤተ እስራኤሎች መንደር ለሰንበት እሳት ይጠፋ ነበርና፣ ሰንበት ሲወጣ ቀድሞ ያነደደ ላላነደደው ፍም ይሰጣል። ገል ይዘን የምንሯሯጥ እኛ ሴቶቹ ነበርን። ወንድ እሳት ሊጭር ሲሄድ አይቼ አላውቅም።

እሑድ ጠዋት ሽንኩርት ጥጄ ሳቁላላ በሬ ተንኳኳ። ይሄይስ ነው፤ በካልሲው ነው የመጣው። አንገቱን ደፍቶ የበሬን ደፍ ያያል።

"ወርቄ" አለኝ።

"አቤት" አልኩት፤ ኩርፊያዬን ገና አልጨረስኩም ነበር።

"እሳት ልጭር መጥቸ ነበር፤ ለየትነበርሽ።"

በዚያ ደረጃ ላይ ስንት የምመልስለት ነገር አዘጋጅቼ ነበር! ስለ ሾርባዬ፣ ስለ ጉልበቴ፣ ስለ ሠላሳ ዓመት ጉርብትና። ጋዙን አጠፋሁ፣ ነጠላዬን ደረብኩ፣ በሬን ሳልዘጋ ተከተልኩት።

መጋረጃው እንደተገለጠ ነው። ስልኩም ተሰክቷል፤ ይሄይስ ሊዮራ ዘንድ በጠዋት አስደውሎ ኖሯል። የትነበርሽ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የሱፍ ፍሬ በግራ እጇ ትታገላለች፣ ቀሚሷ ላይ ፍርፋሪ በፍርፋሪ ነው። አየችኝ። ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ። ረዥም ጊዜ ወሰደባት። ይሄይስ ሊያግዛት አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋውና እጁን ኋላው አድርጎ ጠበቀ።

"ቆ… የሽ!" አለችኝ።